ጎርጎራ ላይ የቀረው የሱስንዮስ ግንብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣና ዳር በእግር ስትጓዙ ድንገት ዛፍ ያበቀለ ትልቅ የድንጋይ ግንብ ፊታችሁ ይቆማል። ምልክት የለውም። ማን ሠራው? ማን ኖረበት? ለምን ተተወ? እኔም እንደዚያው ነው የደረስኩበት። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለዚህ ቦታ ይጠይቀኛል። መልሶቹን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው ብዬ ይህን ጻፍኩ። ዓመታቱን ያስቀመጥኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ ለማወቅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱ።

ቦታው የት ነው?

ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ጎርጎራ ትገኛለች። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። “ገበታ ለሀገር” ከተጀመረ ወዲህ ስሟን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከወደቡ በስተምዕራብ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ልሳነ ምድር አለ። ፍርስራሹ እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ “የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት” ይለዋል፣ አንዳንዱ “ማርያም ግንብ”። ዛሬ ጎልቶ የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ቅሪት ነው። በዙሪያው የመኖሪያ ቤትና የአጥር ግድግዳዎች አሉ።

አንተስ እንዴት አገኘኸው?

ግንብ ፍለጋ አልነበረም የሄድነው። ሦስት ጓደኛሞች ነን። የሐይቁን ዳር ይዘን ወፍ እያየን ልንውል ነበር ያሰብነው። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ፍለጋ ወደ ዛፎቹ ገባን። ከብት የሚጠብቅ ልጅ አየንና ሰላም አልነው። “ጋሼ፣ ግንቡን አላያችሁትም እንዴ?” አለን። የምን ግንብ? በዱላው አመለከተን።

መጀመሪያ የታየኝ ሥር ነው። የዛፍ ሥር ግድግዳውን ሰንጥቆ፣ ድንጋዩን እንደ እጅ ጨብጦ ይዞታል። ቀረብ ስል ከሥሩ ጎን ድንጋይ ላይ የተጠረበ አበባ አየሁ። ከእጄ መዳፍ ይሰፋል። ግማሹን የድንጋይ ሽበት ሸፍኖታል። ግማሹ ግን ትናንት ከጠራቢው እጅ የወጣ ይመስላል። ጣቴን በአበባው ቅጠሎች ላይ አስኬድኩት፤ ጠርዙ አሁንም ስል ነው። ቀና ስል ሌላ አበባ፣ ከዚያ ሌላ። ቁመታቸውን ይዘው የወረዱ የተቦረቦሩ ዓምዶችም አሉ። ወለሉ ላይ የፍየል በጠጥ ነው።

ስንወጣ አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘን። “አባቴ፣ ይሄ የማን ነው?” አልናቸው። “የፖርቱጋሎች ነው ልጄ። የኛ አይደለም” አሉ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ እንዳነብና እንድጠይቅ ያደረገችኝ ያቺ መልሳቸው ናት።

ታዲያ ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት?

መልሱ “አዎ” ወይም “አይ” ብቻ አይደለም። ያሠራው ንጉሥ የኛው ነው፤ ከ1607 እስከ 1632 የነገሠው አፄ ሱስንዮስ። መሬቱን ለኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር ነው) ሚሲዮናውያን የሰጠውም እሱ ነው። ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ግንባታውን የጀመረው ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ደግሞ ፖርቱጋላዊ ሳይሆን ስፔናዊ ነበር። የመጣው ግን በፖርቱጋሎች መስመር በሕንድ በኩል ነው። የጻፈውም በፖርቱጋልኛ ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ፓኤዝ የሰለጠነ ግንበኛ አብሮት አልመጣም። መዶሻውን፣ መሮውን፣ ምሳሩን ራሱ እያሳየ አሠራ። የአገሬውን ሰው ድንጋይ መጥረብ አስተማረ። ስለዚህ ድንጋዩን ያነሳው፣ የጠረበውና የደረደረው እጅ በብዛት የዚሁ አገር ሰው እጅ ነው። በኋላ ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችም ተጨመሩ። በአበባዎቹና በዓምዶቹ ጥርብ ላይ የሕንድ እጅ እንዳለበት የሚናገሩ አጥኚዎች አሉ። ሥራውን ላየ ሰው ይህ አያስገርመውም።

ስለዚህ ለአዛውንቱ ገበሬ መልሴ ይህ በሆነ ነበር፦ “አባቴ፣ ቅድመ አያቶችዎ የሠሩት ቤት ነው።” ያን ቀን ግን ይህን አላውቅም ነበር።

“ቤት በቤት ላይ” የሚባለው ምንድን ነው?

ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ፓኤዝ በ1610ዎቹ ጎርጎራ ላይ ለንጉሡ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሠራ። ያኔ ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ድንኳን ነው። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ይዘዋወራል፤ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይሰፍራል፤ በጋ ሲሆን ይነሳል። ጭቃና እንጨት እንጂ ፎቅ በአካባቢው ብዙም የታየ ነገር አይደለም። ሕዝቡ ከየቦታው እየመጣ ያይ ነበር። ኢየሱሳውያኑ እንደጻፉት፣ ሰዉ ለፎቁ ስም አወጣለት፦ “ቤት በቤት ላይ”።

አማርኛ ለፎቅ ቤት ቃል ሲያጣ በዓይኑ ያየውን እንዳለ ተናገረ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ስሙን ስንሰማ ያ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ ይታየናል።

ስለ ቁልፉ የሚወራው እውነት ነው?

ምንጩ ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ወዳጃቸውን ከፍ አድርገው እንደሚጽፉ ሰዎች አድርጋችሁ አንብቡት። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፓኤዝ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ በር ገጠመ። ንጉሡ መጀመሪያ አልወደደውም። ብዙም ሳይቆይ የቅርብ ሰዎቹ ሊገድሉት አድመው ገቡ። ንጉሡ በዚያ በር አልፎ ዘጋው። በሩም ራሱን ቆለፈ። እነሱ ውጭ ቀሩ፤ እሱ ተረፈ።

ሴራው ግን ተረት አይደለም። በ1617 ግድም በእሱ ላይ ከባድ ሴራና አመፅ ተነስቷል። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከአመፀኞቹ ጋር ሆነው በጦርነቱ ተገድለዋል። አንድ ንጉሥና አንድ ጳጳስ ጦር ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የተሰለፉበት ዘመን ነው።

ሱስንዮስ ማን ነበር?

የአፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ በውጊያ ተማርኮ በኦሮሞዎች ዘንድ አደገ። አኗኗራቸውንና የጦር ስልታቸውን ከውስጥ ተማረ። ካደገ በኋላ ለዓመታት እንደ ሽፍታ እየተዋጋ ኖረ። በ1607 ጎል በተባለ ቦታ ላይ አፄ ያዕቆብን ድል አድርጎ ነገሠ። ከዚያም ያደገባቸውን ኦሮሞዎች በሠራዊቱ ውስጥ አሰለፈ።

ስለ እሱ ስናወራ ሁልጊዜ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ከሃይማኖቱ ጉዳይ። እኔ ግን ያ የተማረከ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። አባቱ የተገደለበት፣ በሌላ ቤት ያደገ፣ ዙፋኑን በጦር ያገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን የሚቆልፍ በር ቢያስፈልገው አይገርመኝም።

ለምን ካቶሊክ ሆነ?

አንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑት። በ1541 የመጡት 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ከግራኝ ጋር በተደረገው ጦርነት የነበራቸው ድርሻ ገና አልተረሳም ነበር። ሱስንዮስም ለስፔንና ፖርቱጋል ንጉሥና ለሮም ፓፓ ደብዳቤ ልኮ ወታደር ጠይቋል። መኳንንቱን የሚያስገብር ጠንካራ መንግሥትም ይፈልግ ነበር። ፓኤዝ ደግሞ ሰው የሚማርክ ሰው ነበር። አማርኛና ግዕዝ ያውቃል፤ ይገነባል፤ ይከራከራል፤ ትዕግሥት አለው። ንጉሡ በክርክሩ ከልቡ ያመነም ይመስለኛል። ለጥቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ደም ሲፈስ ቀደም ብሎ በተወው ነበር።

በ1622 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ገለጠ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት በግንቦት ጎርጎራ ላይ ሞተ። ነገሩ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ የተባለ ፓትርያርክ ከሮም ተሹሞ መጣ። በ1626 የካቲት በከተማው በደንቀዝ ላይ ንጉሡ በመኳንንቱ ፊት ለሮም ታዛዥነቱን አወጀ። ሜንዴዝ የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ አለ። ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት ተከለከሉ። ሲጾም ሲቀድስ የኖረን ሰው “እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም” እንደማለት ነው።

ሕዝቡ ምን አደረገ?

አመፀ። በየአቅጣጫው። መነኮሳቱ ወደ ደሴቶቹና ወደ በረሃ ገቡ። ከሁሉ የምትደንቀኝ ወለተ ጴጥሮስ ናት። የትልቅ ሰው ልጅ፣ ከንጉሡ መኳንንት የአንዱ ሚስት ነበረች። ባሏንና ቤቷን ትታ መነኮሰች። አዲሱን እምነት አልቀበልም ብላ በየቦታው አስተማረች። ታሰረች፣ ተጋዘች፣ ግን አልተመለሰችም። በ1642 አረፈች። ገዳሟ ቆራጣ ነው፤ እዚያው ጣና ዳር፣ በምሥራቁ በኩል። ጎርጎራ ላይ ቆማችሁ ሐይቁን ስታዩ አስቡት፦ የንጉሡ ግንብና እሱን የተቃወመችው ሴት ገዳም በአንድ ውኃ ዳር ናቸው።

መጨረሻው እንዴት ሆነ?

በ1632 ከላስታ በመልክአ ክርስቶስ የተመራ ትልቅ የገበሬ ጦር መጣ። ወይና ደጋ በተባለ ቦታ ላይ ገጠሙ። ሱስንዮስ አሸነፈ። የዘመኑ ጸሐፊዎች የሞቱትን አመፀኞች ወደ 8,000 ያደርሷቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ የቅርብ ሰዎቹ ንጉሡን በሬሳው መካከል አዞሩት ይባላል። እነዚህ አሕዛብ አይደሉም፣ ክርስቲያኖች፣ የገዛ ወገኖችህ ናቸው አሉት። ድል አድርጎ እንደ ተሸነፈ ሰው ወደ ከተማው ተመለሰ።

በዚያው በሰኔ አዋጅ አስነገረ። የሰጠናችሁ እምነት መልካም ነው ብለን ነበር፣ ግን ሰው አለቀ፣ ስለዚህ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል፤ ካህናቱ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይግቡ፣ ታቦታቸውን ያስገቡ፣ ቅዳሴያቸውን ይቀድሱ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በመስከረም ሞተ። የተቀበረው አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ ነው። ራሱ እስከ መጨረሻው ካቶሊክ ሆኖ እንደሞተ ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል።

ሺህ ጊዜ ያነበብኩት ቢሆንም እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። አሸንፎ ሳለ “ይቅር” ያለ ንጉሥ በታሪካችን ስንት ጊዜ እናገኛለን?

ምላሱ ተጎልጉሎ ነበር የሚባለውስ?

በልጅነታችን የሰማነው ትውፊት ነው። ንጉሡ ሃይማኖቱን በመለወጡ ምላሱ ወጥቶ ተጎለጎለ፤ “ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ” ሲል ተመለሰለት ይባላል። ያቺ አባባል እስከ ዛሬ በቃል የምትወረስ ናት። ትውፊቱን እንደ ሐኪም ወረቀት ሳይሆን ሕዝቡ ያንን ዘመን እንዴት እንደሚያስታውሰው የሚያሳይ አድርጌ ነው የማየው። ንጉሡ በአፉ ያወጀውን በአፉ መለሰ። ያን ያህል ሰው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ቅጣቱ አፍ ላይ መሆኑ ልብ የሚነካ ነው።

ኢየሱሳውያኑ የት ሄዱ?

ፋሲለደስ መጀመሪያ ከቤተ መንግሥቱ አራቃቸው። ቀጥሎ አድዋ አጠገብ ወደነበረው ፍሬሞና ላካቸው። በ1634 ከአገር አስወጣቸው። ሜንዴዝ በቱርኮች እጅ በቀይ ባሕሯ ወደብ ሱዋኪን ላይ ታስሮ በቤዛ ተለቀቀና ሕንድ ገባ።

ከጎንደሩ የፋሲል ግንብ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ነገር። አባቱን ያስወደቀውን ሃይማኖት አባርሮ፣ የግንባታ እውቀቱን ግን ያቆየው ፋሲለደስ ነው። ጎንደርን በ1636 ቆረቆረ።

አንዷን ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ኖራን። ፓኤዝ የመጀመሪያውን ቤት ሲሠራ ኖራ አልነበረውም። በ1620ዎቹ ከሕንድ የመጣ ግንበኛ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለየ። ድንጋዩ ይቃጠላል፣ ይፈጫል፣ በውኃ ይቦካል፣ ድንጋይን ከድንጋይ ያጣብቃል። ጎርጎራ ላይ የቆመ ግድግዳ አጠገብ ተጠግታችሁ ብታዩ በድንጋዮቹ መካከል ነጭ መስመር ታያላችሁ። ያ ኖራ ነው። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ያለው ነጭ መስመር የዚያው እውቀት ተከታይ ነው።

ግን የጎንደር ግንብ ከኢየሱሳውያን ተጀመረ ማለት አይደለም። ከእነሱ በፊት በእንፍራንዝ አጠገብ ያለው ጉዛራ አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ ነው ተብሎ የሚታወቀው። ነገሩ ከብዙ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ግንቡን ማን አፈረሰው?

ከተተወ በኋላ ዝናብ፣ የሐይቁ እርጥበትና የዛፍ ሥር። የዛፍ ፍሬ ከወፍ አፍ በስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል። ይበቅላል። ሥሩ ኖራውን እየገፋ ይወርዳል። አንድ ቀን ጣሪያው ይንዳል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ በ1930ዎቹ፣ የተነሱ ፎቶዎች አሉ። በፎቶዎቹ ላይ ቆልመም ያለው የድንጋይ ጣሪያ ከነአበባዎቹ ይታያል። ዛሬ ብዙው መሬት ላይ ነው። ማለትም ሦስት መቶ ዓመት የቆመው በእናቶቻችንና በእኛ ዕድሜ ነው የወደቀው።

ጎንደር ተጠግኗል፣ ታጥሯል፣ ይጎበኛል። ይሄ ግን “የኛ አይደለም” ተባለ። የካቶሊኩ ንጉሥ ነው፣ የፈረንጆች ነው፣ ያ ክፉ ዘመን ነው ተብሎ ተተወ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ያ ዘመን ለቤተ ክርስቲያኔ ምን እንደነበር አውቃለሁ። ግንቡ ግን ቢወድቅ ወለተ ጴጥሮስ ምን እንደተቃወመች፣ እነዚያ ገበሬዎች ለምን እንደሞቱ ለልጆቻችን የምናሳይበት ቦታ ነው የሚወድቀው።

ጥናት ተደርጎበታል?

አዎ። በማድሪድ ከሚገኘው የኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዓመታት ጎርጎራ፣ አዘዞና ደንቀዝ ላይ ሠርተዋል።

ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ አይቷል የሚባለውስ?

በ1618 ሚያዝያ ከሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይ ላይ አይቶ ጽፏል። አገሬው ግን ቦታውን ሁልጊዜም ያውቀዋል፤ ጠበል ነው። ፓኤዝ “አገኘ” የሚሉ ሰዎች ይህችን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ በምርኮ ኖሯል። በ1603 ሲገባ የአርመን ነጋዴ መስሎ ነው።

ወርቅ ተቀብሮበታል?

የለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ወርቅ ፍለጋ የሚቆፈረው ጉድጓድ ከዝናቡ በላይ ይጎዳል። የግድግዳ ሥር ከተቆፈረ ግድግዳው በሚቀጥለው ክረምት ይወርዳል። እዚያ ያለው ሀብት ጥርቡ ድንጋይ ራሱ ነው፤ ሰው ሁሉ በዓይኑ የሚያየው።

መሬት ላይ የወደቀ ጥርብ ድንጋይ ባገኝ ይዤው ልመለስ?

በፍጹም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ከሕጉ ውጭም ምክንያት አለ። ጠጋኝ ሲመጣ ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ የት ላይ እንደነበረ ይነግረዋል። ከተነሳ ድንጋይ ብቻ ነው። ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ። እዚያው ተዉት።

እንዴት ነው የሚኬደው? መቼስ ይሻላል?

መጀመሪያ ስለ ጸጥታ። ከ2023 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ሁሉም ያውቃል። ጎንደር ወይም ጎርጎራ ያለ ዘመድ ወዳጃችሁን በዚያው ሳምንት ደውላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ተዉት፤ ግንቡ የትም አይሄድም።

ሰላም ከሆነ ከጎርጎራ በጀልባ ወይም በእግር ይደረሳል። በእግር ከሆነ ግማሽ ቀን መድቡ። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱን ያውቃል፣ ለእሱም እንጀራ ነው። ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር። የደምቢያ፣ ማለትም የጎርጎራ አካባቢ፣ ጥቁር አፈር በክረምት ጫማ ይበላል፣ ቀልድ አይደለም። መስከረም ላይ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፣ ግን ሣሩ ግድግዳውን ይውጠዋል።

ምን ልያዝ?

ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ረጅም ሱሪ። አካባቢው ወባ አለው፤ ወደ ሐይቁ ዳር ለሚያድር አጎበር ግድ ነው። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፤ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ግድግዳ ላይ አትውጡ። ልጆች ከያዛችሁ ከተንጠለጠለው ጣሪያ ሥር አታቁሟቸው። ከብት ለሚጠብቁት ልጆች ብር ከመስጠት ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤታቸው ብታደርሱ ይሻላል። ይህ የኔ አስተያየት ነው።

በዚያው ሌላ ምን ልይ?

ጎርጎራ ከተማ ውስጥ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ውስጧ በሥዕል የተሞላ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ያስፈልጋል እላለሁ። ጊዜ ካላችሁ ሱስንዮስ የተቀበረበትን አዘዞን፣ ከዚያ ከተራራው ላይ ያለውን ደንቀዝን እዩ። ደንቀዝ ለእግር ተጓዥ ከጎርጎራ ይከብዳል፤ ነፋሱም ብርዱም ሌላ ነው።

ቤተሰቤ ዘንድ የቆየ የጎርጎራ ፎቶ አለ። ይጠቅማል?

በጣም! ከጥያቄዎቹ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ለሽርሽር ሄዶ ግድግዳው ፊት ቆሞ የተነሳ አባት፣ ከኋላው ያልወደቀ ጣሪያ ሊኖር ይችላል። ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም ቅጂ ስጡ። ዋናው እናንተ ጋ ይቅር። በጀርባው ዓመቱን፣ ወሩን፣ ፎቶ አንሺው ወደ የት ዞሮ እንደቆመ በእርሳስ ጻፉ። ከፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ከጣሪያው ምን ያህሉ ቆሞ እንደነበር እነሱ ናቸው የሚያስታውሱት።